ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ የአውራሪሱ ነገር አበቃ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ኬንያ ውስጥ የቀሩት ሁለት የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን ለክፍሉ ስነግር አንዱ ተማሪ ‹ታዲያ አልቋል በሉና እንለፈው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹የሚፈለገው ቀንዱ ከሆነ ለምን ቀድመው አይቆርጡትም? እንደ ከብት አርብተው ቀንዱን ቢሸጡትስ?› አለ። የምመልሰው አጣሁ። በእኛም አገር ነበረ ይባላል፤ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል?»

መልስ፦

መምህር፣ በቅድሚያ ለተማሪዎችዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሁለተኛው ልጅ የጠየቀው እኛ የዱር እንስሳት ሐኪሞች ሻይ ላይ ተቀምጠን ተከራክረን ሳንግባባ የምንነሣበትን ነገር ነው። እኔ በከብት ሕክምና ጀምሬ ኋላ ወደ ዱር እንስሳት የዞርኩ፣ በደቡባዊ አፍሪካ ጥብቅ ስፍራዎች አውራሪስ ሳደነዝዝ ጥቂት ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የምጽፈውን በዚያው ዓይን ያንብቡልኝ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ሴቶች ናጂንና ፋቱ ይባላሉ፤ እናትና ልጅ ናቸው። ናጂን በ1989፣ ፋቱ በ2000 የተወለዱት አፍሪካ ውስጥ ሳይሆን ቼክ ሪፐብሊክ፣ ድቩር ክራሎቬ በሚባል የእንስሳት ማቆያ ነው። በ2009 መጨረሻ ሱዳንና ሱኒ ከሚባሉ ሁለት ወንዶች ጋር ወደ ኬንያ፣ ላይኪፒያ፣ ኦል ፔጄታ ጥብቅ ስፍራ ተወሰዱ። የአፍሪካን ሣርና ፀሐይ ሲያገኙ ይወልዱ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። ከወንዶቹ ጋር መገናኘቱንስ ተገናኝተዋል፤ የፀነሰች ግን የለም። ሱኒ በ2014 ሞተ። ሱዳንም በማርች 2018 በ45 ዓመቱ እርጅናውና ቁስሉ ሲበረታበት ሐኪሞቹ በመርፌ አሳረፉት።

የመጀመሪያው ተማሪዎ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን የዘጋው። ነገር ግን የወንዶቹ ዘር በሕይወት ሳሉ ተወስዶ በፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል። ገጠር ያደጉ ልጆች ክፍልዎ ውስጥ ካሉ ይህ ቶሎ ይገባቸዋል፤ ላሞችን ለማዳቀል ከቃሊቲ የሚመጣው የኮርማ ዘር የሚቀመጠውም እንደዚሁ ነው። ኮርማው ከሞተ ዓመታት አልፈውም ጥጃ ይወለድለታል። ስለዚህ የወንድ አለመኖር ከባዱ ችግር አይደለም።

ከባዱ ያለው በሴቶቹ በኩል ነው። የናጂን የኋላ እግሮች ደካሞች ናቸው፤ 16 ወር ሙሉ ፅንስ መሸከም አይችሉም። የፋቱ ማህፀን ደግሞ ታሟል። ሁለቱም ራሳቸው አርግዘው መውለድ አይችሉም። እንቁላላቸው ግን ደህና ሊሆን ስለሚችል እሱን አውጥቶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አዳቅሎ፣ ፅንሱን ለዘመዷ ለደቡብ ነጭ አውራሪስ ማህፀን መስጠት ነው የቀረው መንገድ። ይህን ሥራ የያዘው በርሊን የሚገኘው የላይብኒዝ የዱር እንስሳት ምርምር ተቋም የሚመራውና ባዮሬስኪዩ የሚባለው ጥምረት ነው፤ ከፊት የሚታዩት ደግሞ ፕሮፌሰር ቶማስ ሂልደብራንት ናቸው።

ላም የመረመረ ሰው ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ኦቫሪዋን (የእንቁላል ማመንጫዋን) በጣቱ ይዳስሳል። አውራሪስ ላይ ይህ አይሠራም፤ ኦቫሪው ያለው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ እንስሳዋ ሙሉ በሙሉ ትደነዝዝና በፊንጢጣዋ በኩል አልትራሳውንድ የተገጠመለት ረጅም መሣሪያ ይገባል። ስክሪኑ ላይ እያዩ የአንጀቱን ግድግዳ በመርፌ አልፈው እያንዳንዷን የእንቁላል ከረጢት አንድ በአንድ ይመጥጣሉ። አጠገቡ ትልልቅ የደም ሥሮች ስላሉ መርፌው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት እንስሳዋ እዚያው ታልቃለች። በኦገስት 2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለቱ 10 እንቁላል ወጣ። በአውሮፕላን ወደ ጣሊያን፣ ክሬሞና ወደሚገኘው የቼዛሬ ጋሊ ላቦራቶሪ ሄደ፤ በበሰለው በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ አንድ የወንድ ዘር በቀጭን መርፌ ተወጋበት፤ በመጨረሻ ሁለት ፅንስ ተገኘ። ሁለቱም የፋቱ ነበሩ። ናጂን በ2021 ከዚህ ሥራ በጡረታ ተሰናበተች። እስከ 2023 መጨረሻ 30 ያህል ፅንሶች ተጠራቅመው በናይትሮጂን ውስጥ ተቀምጠዋል።

ላም አለኝ በሰማይ ሊሉኝ ይችላሉ፤ እኔም በልቤ ብዬ አውቃለሁ። ቡድኑ ግን ፅንስ ማስተላለፉ ራሱ እንደሚሠራ አንድ ጊዜ አሳይቷል። ውድ የሆነውን የሰሜኑን ፅንስ ከመሞከራቸው በፊት በደቡቡ ፅንስ ተለማመዱ። በሴፕቴምበር 2023 ኩራ ለምትባል የደቡብ ነጭ አውራሪስ ፅንስ ተሰጣት፤ ያዘላትም። ከዚያ ኬንያ ላይ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ጎርፉ አፈር ውስጥ ተኝቶ የኖረ የክሎስትሪዲየም ባክቴሪያ ዘር አወጣ፤ ኩራ በኖቬምበር በዚሁ ሞተች። ሬሳዋ ሲመረመር የ70 ቀን ወንድ ፅንስ ተገኘ፤ ርዝመቱ 6.4 ሴንቲ ሜትር። ከብት ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ባክቴሪያ በሌላ ስሙ ያውቁታል፤ አባ ጎርባን የሚያመጣው የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዜናውን ሳነብ ያዘንኩትን ያህል ገርሞኛል፤ ያን ያህል ሳይንስ አልፎ የተሰናከለው እያንዳንዱ ገበሬ በሚያውቀው የበሽታ ወገን ነው።

ይሳካል ብዬ ነው የማምነው። ቢሳካም ግን ፅንሶቹ በሙሉ የአንዲት እናት ልጆች፣ አባቶቻቸውም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለዚህ ነው ከዚህ ቀደም የሞቱ አውራሪሶች ቆዳ ሕዋስ ተጠብቆ ወደ ግንድ ሕዋስ (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ወደሚችል ሕዋስ)፣ ከዚያም ወደ እንቁላልና ወደ ወንድ ዘር ለመለወጥ የሚደከመው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2022 ናቢሬ ከምትባል ከሞተች አውራሪስ ሕዋስ ተነሥተው የመራቢያ ሕዋስ ጀማሪዎችን ሠርተዋል። ከዚያ እስከ ግልገል ያለው መንገድ ገና ረጅም ነው። ጊዜውም ይሮጣል፤ የሚወለደው ግልገል የሰሜን አውራሪስ አኗኗር የሚማረው ከናጂንና ከፋቱ እንጂ ከሰው አይደለም።

አሁን ወደ እኔ ነጥብ ልምጣ። «ማራባት» የሚለው ቃል ያሳስተናል፤ ችግሩ አለመውለድ የሆነ ያስመስለዋል። አውራሪስ ካልገደሉት ራሱ ይራባል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የደቡቡ ነጭ አውራሪስ ከመቶ በታች ሆኖ በደቡብ አፍሪካ ኡምፎሎዚ አካባቢ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1895 ስፍራው ተከለለ፤ ሰው እጁን ሰበሰበ። በ1960ዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያው ኢያን ፕሌየርና ባልደረቦቹ እያደነዘዙ ወደ ሌሎች ፓርኮች መጫን ጀመሩ። ዛሬ በአፍሪካ ያሉት ነጭ አውራሪሶች ሁሉ፣ ከናጂንና ከፋቱ በቀር፣ የእነዚያ ዘሮች ናቸው። በ2024 መጨረሻ 15,752 ነጭ፣ 6,788 ጥቁር አውራሪስ ተቆጥሯል። ጥቁሩ በ1970 ወደ 65,000 ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ2,500 በታች ወርዶ ነው ከዚያ እያንሠራራ እዚህ የደረሰው።

በነገራችን ላይ ነጩ ነጭ አይደለም፣ ጥቁሩም ጥቁር አይደለም፤ ሁለቱም አመድማ ናቸው። ልዩነታቸው ከንፈራቸው ላይ ነው። የነጩ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ሣር ይግጣል። የጥቁሩ ሹል ሆኖ እንደ ጣት ይጠመዘዛል፣ ከቁጥቋጦ ቅጠልና ቀንበጥ ይቀነጥባል። በእኛ አገር የነበረው ይህ ቅጠል በሉ ነው።

የሰሜኑ ነጭ ለምን እንደ ደቡቡ አልተረፈም? እሱም ተርፎ ነበር። ኮንጎ ውስጥ ጋራምባ ፓርክ በ1984 15 ያህል ቀርተው ሳለ ጥበቃው ጠበቀ፤ ወደ 30 አደጉ። ላቦራቶሪ አልነበረም፤ እንቁላል የወሰደ፣ ፅንስ ያቀዘቀዘ የለም። ሴቶቹ ወለዱ፣ አለቀ። ከዚያ የአካባቢው ጦርነት ገባ፤ ከሱዳን በኩል በፈረስ የሚመጡ የታጠቁ አዳኞች ገቡ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዱር አንድም አልታየም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አሁን በሚሊዮን ዶላር የምንሞክረው ያኔ በጥቂት መኪናና በስካውት (በፓርክ ጠባቂ) ደሞዝ ሊጠበቅ ይችል የነበረውን ነው።

ለተማሪዎችዎ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ስሌት ልስጥዎት። ሴቷ የመጀመሪያ ግልገሏን የምትወልደው ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመት ተኩል ወይም በየሦስት ዓመቱ አንድ ትወልዳለች። በደንብ የተያዘ መንጋ በዓመት 5 በመቶ ካደገ ደህና ነው እንላለን። 20 አውራሪስ ያለው ፓርክ እንግዲህ በዓመት የሚጨምረው አንድ ነው። አዳኝ በዓመት አንድ ከገደለ ዕድገቱ ዜሮ ሆነ። የተገደለችው ሴት ከሆነች ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለው አብሯት ይሞታል፤ ከሥሯ የሚጠባም ካለ እሱም አይተርፍም። አንዲት ጥይት ሦስት ወሰደች።

አሁን እውነተኛውን ቁጥር ያስቀምጡበት። በደቡብ አፍሪካ በ2007 በሕገወጥ መንገድ የተገደሉት 13 ነበሩ። በ2014 1,215 ሆኑ። በቬትናምና በቻይና ቀንዱን ለመድኃኒት፣ ኋላም ለሀብት ማሳያ የሚፈልግ አዲስ ገንዘብ መጥቶ ነበርና። ክሩገር ፓርክ ብቻውን በ2010 ከ10,000 በላይ አውራሪስ ነበረው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ3,000 በታች ወረደ። በ2024 በአገሩ የተገደሉት 420 ናቸው። ቁጥሩ የወረደው ጥበቃው ስለተሻሻለ ብቻ አይደለም፤ ሊገደል የሚችለው አውራሪስ ራሱ ቁጥሩ አንሷል።

አዳኞቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ተኳሽ፣ አንዱ ዱካ አንባቢ፣ አንዱ ስንቅና መጥረቢያ ተሸካሚ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይመጣሉ፤ ባትሪ ማብራት የለባቸውማ። እኔ በነበርኩበት ስፍራ ጨረቃዋ ሞልታ ስትወጣ ማንም ውበቷን አያወራም፤ ስካውቶቹ ስልክ ይዘጋሉ፣ ሐኪሙ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከውጭ የሚገባው አይደለም። አውራሪሶቹ ትናንት ማታ የት ውሃ እንደጠጡ ለአዳኝ የሚነግር ሰው አብሮህ ምሳ የሚበላ ሊሆን ይችላል። ለአንድ መረጃ የሚከፈለው የዓመት ደሞዙን ሲያጥፍ ብዙ ሰው ይፈተናል። ለዚህ ነው ድሮንና ካሜራ ብቻውን የማያድነው፤ ካሜራውን የሚያየው ሰው ነውና።

በተቃራኒው ኔፓልን ይመልከቱ። የፓርኩ ገቢ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ እንዲውል ሕግ አለ። በ2011 ሙሉውን ዓመት አንድም አውራሪስ አልተገደለም፤ ከዚያም በኋላ እንዲህ ያሉ ዓመታት አሳልፈዋል። በ2021 ቆጠራ ባለ አንድ ቀንዱ አውራሪስ 752 ደርሷል። እርግጥ ሠራዊትም አሰማርተዋል። ነገር ግን እንግዳ ሰው ጫካ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እረኛ እንጂ ወታደር አይደለም።

አሁን ሁለተኛው ልጅ፦ «ለምን ቀድመው አይቆርጡትም?» ይቆርጡታል። ናሚቢያ ከ1989 ጀምራ ቆርጣለች፤ እኔም ብዙ ቆርጫለሁ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት።

ሥራው ጠዋት በብርድ ነው የሚጀመረው፤ አውራሪስ ስትሞቅ ትሞታለች። ሐኪሙ ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ዳርቱን፣ ማለትም ማደንዘዣ የተሞላውን ተወርዋሪ መርፌ፣ ታፋዋ ላይ ይተኩሳል። ዳርቱ ውስጥ ያለው ኢቶርፊን ይባላል፤ ከሞርፊን በሺህ እጥፍ የሚበረታ ነው። ሁለት ቶን የሚጠጋ እንስሳ ለመጣል ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል። ጠብታው ቁስል ላይ ቢያርፍ ሰው ሊገድል ስለሚችል አብሮን ያለው ሰው የማርከሻውን መርፌ ሞልቶ ነው የሚቆመው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እርምጃዋ ይለወጣል፤ እግሯን እንደ ሰልፈኛ ከፍ እያደረገች ትሄድና ትንበረከካለች። ከዚያ ሩጫ ነው። ዓይኗን በጨርቅ፣ ጆሮዋን በካልሲ እንደፍናለን። በአፍንጫዋ የኦክስጅን ቱቦ ይገባል፤ አንዱ ትንፋሿን ይቆጥራል፣ አንዱ ጀርባዋ ላይ ውሃ ያፈሳል። ቀንዱ ከሥሩ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይለካና በማርከር ይሰመርበታል፤ ከዚያ በታች ሕይወት ያለው ሥጋ አለ። በሞተር መጋዝ ነው የሚቆረጠው። ደም የለም፣ ነርቭም የለበትም። ፍርፋሪው እንደ ነጭ መላጊያ ይበናል፤ ሽታው በካውያ የተቃጠለ ፀጉር ነው፣ ልብስ ላይ እስከ ማታ አይለቅም። ቀንዱ እንደ ጥፍርና እንደ ፀጉር ኬራቲን ስለሆነ ነው። ከሸራው ላይ ፍርፋሪው ሳይቀር ተጠርጎ ይመዘናል፤ ማይክሮቺፕ ይገባበታል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ በዚያው ቀን ወደ ካዝና ይወሰዳል። ጉቶው በሞረድ ይስተካከላል። ማርከሻው በጆሮዋ የደም ሥር ሲገባ ሁላችንም ወደ መኪናው እንሮጣለን፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥታ ቆማለች። አንድ ጊዜ የካልሲዋን አንዱን ማውጣት ረስቼ ጆሮዋ ላይ እንደተሰካ ሄደች። ሄሊኮፕተሩ ተመልሶ ሊያስተኛት አይችልም፤ ራሷ ቁጥቋጦ ላይ አሽታ እስክትጥለው ሳምንት ሙሉ ስካውቶቹ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

ይሠራል ወይ? ይሠራል። በ2025 የወጣ ጥናት በክሩገር ዙሪያ ያሉ 11 ጥብቅ ስፍራዎችን ከ2017 እስከ 2023 ተከታትሏል። በዚያ ጊዜ 1,985 አውራሪሶች ተገድለዋል፤ ለጥበቃ 74 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፣ አብዛኛው ለስካውት፣ ለውሻ፣ ለካሜራና ለሄሊኮፕተር። ቀንድ መቁረጡ ግድያውን 78 በመቶ ቀነሰ፤ የወሰደውም ከበጀቱ 1.2 በመቶ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ውጤቱ ይህን ያህል ይሰፋል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ቆርጠን ብቻ ግን አንተኛም። ቀንዱ እንደ ጥፍር ተመልሶ ያድጋል፤ በየዓመት ተኩል ወይም በየሁለት ዓመቱ መደገም አለበት። የቀረው ጉቶም ዋጋ አለው። በጨለማ የተኮሰ አዳኝ ደግሞ ቀንድ ይኑራት አይኑራት አያይም፤ አንዳንዱ ዱካዋን ድጋሚ ተከትሎ ላለመድከም ሲል ብቻ ይገድላታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዚምባብዌ፣ ሁዋንጌ ፓርክ ቀንድ ቆርጠው ጥበቃው ሲላላ የተቆረጡትም ተገደሉ። እንስሳዋም ትለወጣለች፤ ቀንዳቸው የተቆረጠ ጥቁር አውራሪሶች የሚንቀሳቀሱበት ግዛት ወደ ግማሽ የሚጠጋ እንደሚያንስ በ2023 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ቀንዷ መሣሪያዋ ነውና ሲወሰድባት ደፍራ አትጣላም።

«እንደ ከብት አርብተው ቢሸጡትስ?» ይህን በትልቁ የሞከረ ሰው አለ። ጆን ሂዩም የሚባሉ ደቡብ አፍሪካዊ ባለሀብት ወደ 2,000 የሚደርሱ ነጭ አውራሪሶች በአንድ እርሻ አረቡ። አሳባቸው ልጁ ያለው ነበር፤ ቀንዱን እየቆረጡ ያከማቻሉ፣ ሽያጩ ሲፈቀድ ጥበቃውን ራሱ ይከፍላል። አውራሪሶቹን በማራባት ተሳክቶላቸዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። ገበያው ነው ያልመጣው። ዓለም አቀፉ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ከ1977 ጀምሮ ታግዷል። በ2017 የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት የአገር ውስጡን እገዳ ቢያነሣም አገር ውስጥ ቀንድ ፈላጊ የለም፤ ፈላጊው ያለው እስያ ነው። በየወሩ የጥበቃው ወጪ ይወጣል፣ የሚገባ ነገር የለም። በ2023 እርሻውን ከነአውራሪሶቹ ለጨረታ አወጡት፤ አንድም ተጫራች አልቀረበም። በመጨረሻ አፍሪካን ፓርክስ የሚባለው ድርጅት ገዛውና አውራሪሶቹን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ዱር እመልሳለሁ ብሎ ጀመረ።

ንግዱ ይፈቀድ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ። ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ ነጭ አውራሪሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በግል ባለይዞታዎች እጅ ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች ከኪሳቸው እየከፈሉ እስከ መቼ? ይላሉ። እኔ ግን አልዋጥልህ ያለኝ ነገር አለ። ቀንዱ ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ከእርሻ የተቆረጠውንና ከተገደለው የተወሰደውን ቬትናም፣ ሆቺ ሚን ከተማ ሱቅ ውስጥ ማን ይለያል? ንግድ ሲፈቀድ ዛሬ «ሕገወጥ ነው» ብሎ የሚያፍር ገዢ ነገ አያፍርም፤ ፈላጊው ምን ያህል እንደሚበዛ ደግሞ ሞክረን ካየን በኋላ መመለሻ የለንም። ኤስዋቲኒ በ2016ም በ2019ም ንግዱ ይፈቀድልኝ ብላ አቅርባ አገራት በድምፅ ጥለውባታል።

ስለ ማርባት ካነሣን አንዲት ነገር ልጨምር፣ የእንስሳት መኖ ለሚያውቁ ልጆች ትጥማለች። በማቆያ የተወለዱ ሴት ነጭ አውራሪሶች መሃን እየሆኑ ለዓመታት ያስቸግሩ ነበር። የሳንዲያጎ ተመራማሪዎች መኖውን መረመሩ፤ አልፋልፋና አኩሪ አተር ውስጥ የሴት ሆርሞን የሚመስል የተክል ንጥረ ነገር አለ። የነጩ አውራሪስ ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር ከሌሎቹ በበለጠ ይቀበለዋል። መኖው ሲለወጥላቸው ወልደው የማያውቁ ሴቶች ወለዱ። ላሞቻችንን የምናበላው ያው ምስኪን አልፋልፋ!

ወደ አገራችን። ጥቁር አውራሪስ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበረ፤ ኦሞና ማጎ ፓርኮች ውስጥ ተመዝግቧል። ዛሬ የለም። ቋንቋችን ውስጥ ግን ቀርቷል። ዋንጫ ሲባል ተማሪዎችዎ የእግር ኳስ ሽልማት ይታያቸዋል፤ ቃሉ የቀንድ መጠጫ ነው። የተራው ሰው ከበሬ ቀንድ ሲሠራ መኳንንቱ ከአውራሪስ ቀንድ ያሠሩ ነበር፣ የጎራዴ እጀታም ጭምር። ከቀይ ባሕር ማዶ የመን ውስጥም ጃምቢያ ለሚባለው ጩቤያቸው እጀታ የአውራሪስ ቀንድ ይፈልጉ ነበር፤ በ1970ዎቹ የነዳጅ ገንዘብ ሲመጣ ፍላጎቱ ናረ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ጥቁር አውራሪስ ማለቅም አንዱ ምክንያት ሆነ። የመን ማስገባቱን ያገደችው በ1982 ነው።

ይመለሳል ወይ? ሩዋንዳ መልሳለች። አካጌራ ፓርክ ጥቁር አውራሪስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2007 ነበር፤ በ2017 18 ከደቡብ አፍሪካ፣ በ2019 አምስት ከአውሮፓ ማቆያዎች ገቡ፣ እየወለዱም ነው። ኡጋንዳም ሙሉ በሙሉ አጥታ ከ2005 ጀምሮ ዚዋ በሚባል ጥብቅ ስፍራ በስድስት ነጭ አውራሪስ ጀመረች። አራቱ ከኬንያ፣ ሁለቱ ከአሜሪካ ነበሩ። በ2009 የመጀመሪያው ግልገል ከኬንያዊ አባትና ከአሜሪካ ከመጣች እናት ሲወለድ ኦባማ አሉት።

ያልተሳካውንም ይንገሯቸው። በ2018 ኬንያ 11 ጥቁር አውራሪሶችን ከናይሮቢና ከናኩሩ ወደ ጻቮ ምሥራቅ አዛወረች። የአዲሱ ስፍራ ውሃ ጨዋማ ነበር፤ በጠጡ ቁጥር ይጠማቸዋል፣ በተጠሙ ቁጥር ይጠጣሉ። አሥሩ ሞቱ፤ የተረፈውን አንበሳ ጨረሰው። በዚያው ዓመት ቻድ፣ ዛኩማ ፓርክ ከገቡት ስድስት አራቱ ከአዲሱ ቅጠል ጋር ሳይለማመዱ ከስተው ሞቱ።

ስለዚህ ኦሞ ወይም ማጎ ላይ ይሞከር ቢባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ፄፄ ዝንብ ስለሚያስተላልፈው በሽታ፣ ስለ ገንዲ ነው። ሸለቆው ፄፄ ዝንብ አለበት፤ ዝንቡን ከማያውቅ ስፍራ የመጣ አውራሪስ እንደ ደጋ በሬ ነው የሚወድቀው፣ ቀስ በቀስ በጥቂት ዝንብ ማለማመድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ የውሃውን ጨው በሁለት ክረምትና በሁለት በጋ አስለካለሁ። ሦስተኛ ቅጠል በሉ ስለሆነ ቁጥቋጦው በፍየልና በከሰል ምን ያህል እንደተራቆተ በእግሬ ዞሬ አያለሁ። ከዚያ ስካውቶቹ ዘንድ ሄጄ በሌሊት ስንት ሆነው እንደሚወጡ፣ ሬዲዮው ከየትኛው ሸንተረር እንደማይሰማ፣ ደሞዛቸው በየስንት ጊዜው እንደሚደርስ፣ በአካባቢው ያሉት አርብቶ አደሮች በድርቅ ወራት ከብቶቻቸውን የት እንደሚያጠጡ እጠይቃለሁ። ለዚህ ሁሉ የሚያረካ መልስ ባገኝ፣ እንስሶቹን ጭኖ የሚመጣው አውሮፕላን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው።